ከድንጋይ ከሰል ወደ ጥቁር ናፍጣ፤ የሎኮሞቲቭ ቁጥር 4014 የእድሳት ታሪክ

በ2019 ሜይ ወር መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ሻየን ከተማ ከሚገኘው የዩኒየን ፓሲፊክ ምድር ባቡር ኩባንያ ኦፊቺና አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በራሱ ኃይል እየተነዳ ወጣ። ቁጥሩ 4014 ነው። እርሱን ጨምሮ በአንድ ንድፍ የተሠሩት ሃያ አምስት ሎኮሞቲቮች «ቢግ ቦይ» በሚል ስም ይታወቃሉ፤ ስሙን ያወጣላቸው የመጀመሪያው ሎኮሞቲቭ በፋብሪካ ውስጥ ሲገጣጠም በግንባሩ ላይ በጠመኔ የጻፈ አንድ ሠራተኛ ነው ይባላል። ከእነዚህ ሎኮሞቲቮች መካከል አንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የንግድ ጭነት የጎተተው በ1959 ስለ ነበር፣ 4014 ከኦፊቺናው ሲወጣ ስድሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ወቅት ጋዜጦች በሰፊው የጻፉት ስለ ሎኮሞቲቩ ግዝፈት ነበር። ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ከግዝፈቱ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ይኸውም ከሃምሳ ዓመት በላይ በቤተ መዘክር ቆሞ የኖረው ይህ ሎኮሞቲቭ ወደ ኦፊቺናው ሲገባ የድንጋይ ከሰል የሚያነድ ነበር፤ ሲወጣ ግን የሚያነደው በእኛ አገር ጥቁር ናፍጣ የሚባለውን ከባድ የነዳጅ ዘይት ነው። ይህ ለውጥ በቢግ ቦይ ላይ ሲሞከር የመጀመሪያ ጊዜው አልነበረም። ይኸው ኩባንያ በ1946 የ4014ን አቻ ቁጥር 4005ን ወደ ዘይት ለውጦት ነበር፤ ሙከራው ሳይሳካ ቀርቶም በ1948 ወደ ከሰል መልሶታል። እንግዲህ ያን ጊዜ በሙሉ ብርታቱ ላይ በነበረው ሎኮሞቲቭ ያልሆነው ነገር፣ ሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ በአሮጌው ላይ እንዴት ሆነ? ደግሞስ ነዳጁ የተለወጠ ሎኮሞቲቭ ያው ታሪካዊው ሎኮሞቲቭ ነውን? የመጽሔቱ አዘጋጆች ስለ አሮጌ መኪናዎች እድሳት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ይህን ታሪክ የመረጥሁት በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ምክንያት ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ሎኮሞቲቩ የተነደፈበትን ዳገት ማወቅ ያስፈልጋል። የዩኒየን ፓሲፊክ መስመር በዩታ ግዛት ከኦግደን ከተማ ወደ ምሥራቅ ሲያመራ የዋሳች ተራሮችን ይወጣል፤ ሃዲዱም በየመቶ ሜትሩ 1.14 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ ለመኪና መንገድ ከቁጥር የማይገባ ነው፤ ብረት በብረት ላይ ለሚንከባለልበት ባቡር ግን ከባድ ዳገት ነው። ከባድ የጭነት ባቡሮች ያንን ዳገት የሚወጡት ረዳት ሎኮሞቲቭ ተጨምሮላቸው ነበር። ረዳት ሎኮሞቲቭ ማለት ተጨማሪ ነጂና እሳት አንዳጅ፣ ለመቀጠልና ለመፍታት የሚባክን ጊዜ፣ ከዚያም በላይ ባዶውን ለሚመለሰው ሎኮሞቲቭ መስመሩን መልቀቅ ማለት ነው። በኦቶ ጃበልማን የሚመራው የኩባንያው የጥናትና የመካኒክ ደረጃዎች ክፍል የተሰጠው ትእዛዝ 3,600 የአሜሪካ ቶን፣ ማለትም 3,270 ሜትሪክ ቶን ያህል የሚመዝን ባቡር ያለ ረዳት ዳገቱን የሚያወጣ ሎኮሞቲቭ እንዲነድፍ ነበር። የአሜሪካን ሎኮሞቲቭ ኩባንያ በኒውዮርክ ግዛት በስኬኔክታዲ ከተማ ባለው ፋብሪካው ሃያውን በ1941፣ አምስቱን ደግሞ በ1944 ሠርቶ አስረከበ። 4014 ከመጀመሪያዎቹ ሃያዎች አንዱ ነው።

ሎኮሞቲቩ ከፊት ለመምሪያ የሚያገለግሉ አራት ትንንሽ መንኮራኩሮች፣ ቀጥሎ በሁለት የተከፈሉ ስምንት ስምንት ነጂ መንኮራኩሮች፣ ከኋላ ደግሞ ምድጃውን የሚሸከሙ አራት መንኮራኩሮች አሉት። ነዳጅና ውኃ የሚሸከመው ቴንደር የተባለው ተጎታች ሞልቶ ሲታከልበት ክብደቱ 540 ቶን ያህል፣ ርዝመቱም 40 ሜትር ከግማሽ ነው። በዚህም የተነሣ ሎኮሞቲቭ ማዞሪያዎቹ መድረኮች እንዲረዝሙ ግድ ሆኖ ነበር። የቦይለሩ ግፊት በየካሬ ኢንቹ 300 ፓውንድ፣ ወይም 21 ባር ገደማ ነው። አራቱ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው 603 ሚሊሜትር ስፋትና 813 ሚሊሜትር የፒስቶን ጉዞ ሲኖራቸው፣ የነጂ መንኮራኩሮቹ ስፋት 1.73 ሜትር ነው። ሒሳብ መሥራት የሚወድ ባልደረባ ካለ የግፊቱን ሰማንያ አምስት በመቶ ይውሰድ፤ በሲሊንደሩ ስፋት ስኩዌርና በፒስቶኑ ጉዞ አባዝቶ ለመንኮራኩሩ ስፋት ያካፍል፤ ሲሊንደሮቹ አራት ስለ ሆኑም ውጤቱን በሁለት ያባዛ። የሚያገኘው የመጎተት ኃይል 602 ኪሎኒውተን ያህል ነው፤ ፋብሪካው ያወጣው 135,375 ፓውንድም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለ ረጅም ሎኮሞቲቭ በጠመዝማዛ ሃዲድ ላይ እንዴት ይዞራል ለሚለው መልሱ ከአሜሪካ ሳይሆን ከአውሮፓ የመጣ ነው። አናቶል ማሌ የተባለው ስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ በ1880ዎቹ ባወጣው ንድፍ፣ በአንድ ቦይለር ሥር ሁለት ሞተሮች ይቀመጣሉ፤ የኋለኛው ከቦይለሩ ጋር ተጣብቆ ሲታሰር የፊተኛው ግን በማጠፊያ ተይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ማሌ ያሰበው እንፋሎቱ መጀመሪያ በኋለኛው፣ ከዚያ ደግሞ በፊተኛው ሞተር ሁለት ጊዜ እንዲሠራ ነበር። በቢግ ቦይ ግን አራቱም ሲሊንደሮች ትኩስ እንፋሎት በቀጥታ ከቦይለሩ ያገኛሉ። የዚሁ የማሌ ዘር የሆኑ፣ በጣሊያኑ አንሳልዶ ኩባንያ በ1930ዎቹ የተሠሩ ትንንሽ ሎኮሞቲቮች ከምጽዋ ወደ አስመራ በሚወጣው 950 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሃዲድ ላይ ሲያገለግሉ ኖረዋል። በ1990ዎቹ ያ መስመር እንደገና ሲሠራ ሎኮሞቲቮቹን መልሰው ያነሡት በጡረታ ላይ የነበሩ አረጋውያን የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በአካል የዝሆንና የጥንቸል ያህል ቢራራቁም የማጠፊያው ሐሳብ አንድ ነው።

አሁን ወደ ምድጃው እንምጣ፤ የዚህ ታሪክ ቁልፍ ያለው በዚያ ነውና። ዩኒየን ፓሲፊክ ከሰሉን የሚያገኘው በራሱ መስመር ዳር ከሚገኙት የዋዮሚንግ ማዕድናት ነበር። ያ ከሰል ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጥራቱ ዝቅተኛ ነው። ዝቅተኛ ከሰል በአንድ ኪሎ የሚሰጠው ሙቀት አነስተኛ ስለ ሆነ፣ የሚፈለገውን እንፋሎት ለማግኘት ብዙ ከሰል በአንድ ጊዜ፣ በሰፊ ቦታ ላይ መንደድ አለበት። ስለዚህ የምድጃው ፍርግርግ 150 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 14 ካሬ ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደረገ፤ ይህም የአንድ መካከለኛ ክፍል ወለል ያህል ነው። ያን የሚያህል እሳት ሰው በአካፋ ሊመግበው ስለማይችል፣ ከሰሉን ከቴንደሩ እየፈጨ የሚያቀብል በእንፋሎት የሚሠራ ጠመዝማዛ መጋቢ ተገጠመ። የእሳት አንዳጁ ሥራም ከሰል ማፈስ መሆኑ ቀርቶ፣ ከሰሉ በፍርግርጉ ላይ እኩል እንዲበተን የእንፋሎቱን ፉት ማስተካከልና የእሳቱን ቀለም ማንበብ ሆነ። የሎኮሞቲቩ የኋላ አራት መንኮራኩሮች፣ የቦይለሩ ከፍታ፣ የጠቅላላው ርዝመት ጭምር ከዚያ ፍርግርግ ስፋት የመነጩ ናቸው። ቢግ ቦይ በዋዮሚንግ ከሰል ዙሪያ የተሠራ መኪና ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዘይትን በሎኮሞቲቭ ማንደድ ግን ለዘመኑ አዲስ አልነበረም። በ1880ዎቹ ቶማስ ኧርኳርት የተባለ ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ በደቡብ ምሥራቅ ሩሲያ በግሪያዚ–ጻሪትሲን መስመር ላይ ከባኩ ነዳጅ ማጣሪያዎች የሚተርፈውን ማዙት እያነደደ ሎኮሞቲቮችን ያስነዳ ነበር። በእንግሊዝ የግሬት ኢስተርን ምድር ባቡር ባለሙያ ጄምስ ሆልደን ደግሞ ወደ ዘይት የገባው በሌላ በር ነው። ለፉርጎዎች መብራት የሚሆን ጋዝ ከሚያመርተው ፋብሪካ የሚወጣው ቅጥራን መሰል ዝቃጭ የሚጣልበት ቦታ አጥቶ ወንዝ ያበላሽ ስለ ነበር፣ በሎኮሞቲቭ ምድጃ ውስጥ አነደደው፤ በ1893 የታወቀው «ፔትሮሊያ» የተባለው ሎኮሞቲቩም ከዚህ የተገኘ ነው። በእኔ አስተያየት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ነዳጅን የሚመርጠው መሐንዲሱ አይደለም፤ በአካባቢው የተትረፈረፈው ነገር ነው።

በአሜሪካ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሆነውም ይኸው ነው። የከሰል ማዕድን ሠራተኞች በ1946 ባደረጉት ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ባቡሮች ነዳጅ የሚያጡበት ጊዜ መጣ። ዩኒየን ፓሲፊክም ብዙ ሎኮሞቲቮቹን ወደ ዘይት ለወጠ፤ በ1944 ተሠርቶ ዛሬም ከአገልግሎት ዝርዝር ያልወጣው ቁጥር 844ም ዘይት ያነዳል። በአነስተኞቹ ሎኮሞቲቮች ላይ የተደረገው ለውጥ ሁሉ ሠመረ። በ4005 ላይ ግን አልሠመረም። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። በከሰል ጊዜ እሳቱ በአሥራ አራት ካሬ ሜትር ፍርግርግ ላይ ተንጣሎ ይነዳል፤ ሙቀቱም ከታች ወደ ላይ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይወጣል። ዘይት ግን ከአንድ በርነር የሚወረወር ነበልባል ነው። በትንሽ ምድጃ ውስጥ ነበልባሉ ሁሉንም ግድግዳ ይዳስሳል፤ በቢግ ቦይ ረጅምና ሰፊ ምድጃ ውስጥ ግን አንደኛው በኩል እጅግ ሲግል ሌላው በኩል ቀዝቀዝ ብሎ ይቀራል። የብረት ላሜራ በአንድ በኩል ተለጥጦ በሌላው በኩል ካልተለጠጠ ደግሞ መጋጠሚያዎቹ እንደሚያፈሱ ማንም የቦይለር ሠራተኛ ያውቀዋል። 4005 ፍርግርጉና መጋቢው ተመልሰውለት የከሰል ሥራውን ቀጠለ። ዛሬ በዴንቨር ከተማ በቤተ መዘክር ቆሟል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ዘመን ነው። በጅቡቲና በአዲስ አበባ መካከል ይሠራ በነበረው በእኛው መስመር ናፍጣ የእንፋሎትን ቦታ የወሰደው በዚያው በ1950ዎቹ እንደ ነበረ ሁሉ፣ በዩኒየን ፓሲፊክም የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች በ1950ዎቹ መጨረሻ ከሥራ ወጡ። አብዛኞቹ ቢግ ቦዮች ተቆራርጠው ለብረት ማቅለጫ ሲሸጡ ስምንት ብቻ ለመታሰቢያ ተረፉ። 4014 በሃያ ዓመት አገልግሎቱ ከ1.6 ሚሊዮን ኪሎሜትር በላይ ተጉዞ በ1962 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ግዛት ፖሞና ከተማ በሚገኘው የባቡር ታሪክ ማኅበር ቅጥር ግቢ ደረሰ። በዚያም ለሃምሳ አንድ ዓመት ያህል ከሜዳ ላይ ቆመ።

ኩባንያው በ2013 ሎኮሞቲቩን መልሶ እንደሚወስድና እንደሚያድሰው ሲያስታውቅ ከስምንቱ ይህን የመረጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። የደቡብ ካሊፎርኒያ አየር ደረቅ ነው፤ የታሪክ ማኅበሩ አባላትም በበጎ ፈቃድ ሲንከባከቡት ኖረዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ በዘገባዎች ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፍ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ ሊመሰገን የሚገባው እርሱ ይመስለኛል። በየጊዜው ግራሶ የቀባ፣ ዝናብ እንዳይገባ ጭስ ማውጫውን የከደነ ሰው ባይኖር ኖሮ የሻየን ባለሙያዎች የሚያድሱት ሎኮሞቲቭ ሳይሆን ዝገት ይሆን ነበር። ሎኮሞቲቩን ከቆመበት ለማውጣት በሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ ጊዜያዊ ሃዲድ ተዘረጋ፤ ያለፈበት ክፍል ከኋላ እየተነሣ ከፊት እየተነጠፈ ወደ ዋናው መስመር ደረሰ። በ2014 አፕሪል መጨረሻ በናፍጣ ሎኮሞቲቮች እየተጎተተ ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ሜይ 8 ቀን ሻየን ገባ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይታ በኋላ ያን ያህል መንገድ በመንኮራኩሩ ለመሄድ የቻለው በሁሉም አክሶች ላይ የሮለር ኩሽኔታ ስለነበረው ነው።

እድሳቱ በሙሉ ኃይል የተጀመረው የ844 ጥገና ካለቀ በኋላ በ2016 ነው። የሥራው ኃላፊ ኤድ ዲከንስ ይባላሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ሕግ አለ። በ1995 በፔንሲልቬንያ ግዛት በአንድ የሽርሽር ሎኮሞቲቭ ውስጥ ውኃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ስለ ወረደ የጣሪያው ላሜራ ግሎ ተቀደደና ሦስት ሠራተኞች ተቃጠሉ። ከዚያ አደጋ ትምህርት ተወስዶ በ2000 ሥራ ላይ በዋለው የፌዴራል የባቡር አስተዳደር ደንብ መሠረት፣ ማንኛውም የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ 1,472 የእሳት ቀናት ከሠራ ወይም አሥራ አምስት ዓመት ካለፈው፣ ከሁለቱ በቀደመው ጊዜ የጭስ ቱቦዎቹ ወልቀው ቦይለሩ ከውስጥም ከውጭም መመርመር፣ የእያንዳንዱ ላሜራ ውፍረት መለካት፣ የሚችለው ግፊትም እንደገና መሰላት አለበት። ደንቡ ለ4014 የተለየ ምሕረት አላደረገም። ሎኮሞቲቩ እስከ አጥንቱ ተፈታ፤ የሙቀት መከላከያ ልባሱ ተገፈፈ፤ ቱቦዎቹ ወጡ፤ ነጂ መንኮራኩሮቹ ለሥራው የሚሆን ትልቅ መሣሪያ ወዳለበት ወደ ፔንሲልቬንያ ስትራዝበርግ ኦፊቺና ተላኩ።

የዚህ ዓይነት ሥራ ችግር መለዋወጫ አለመኖሩ ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። በእርግጥም የለም፤ ሎኮሞቲቩን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ነገር ግን ቶርኖና ብየዳ ላለው ኦፊቺና፣ ንድፉም በእጁ ለሆነ ባለሙያ፣ መለዋወጫ መሥራት ይቻላል። የሚከብደው በንድፍ ላይ ያልተጻፈውን ማወቅ ነው፤ ለምሳሌ በሁለቱ ሞተሮች መካከል ያለው የእንፋሎት ቧንቧ ማጠፊያ ሳያፈስ እየተወዛወዘ እንዲሠራ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበት። በአስመራ እንደ ታየው ይህን የሚያውቁት በእጃቸው የሠሩት አረጋውያን ነበሩ። በሻየን ደግሞ 844ን ሲያሠሩ የኖሩት ሠራተኞች በቅርብ ነበሩ። በአሜሪካ ብዙ ታሪካዊ ሎኮሞቲቮች በየመናፈሻው ቆመው ሲቀሩ ይህ የተነሣበት ምክንያት ከገንዘቡ እኩል ያልተቋረጠው የእጅ ሙያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቦይለሩ በ2019 መጀመሪያ የውኃ ግፊት ፈተናውን አለፈ። ደንቡ ፈተናው ከሥራው ግፊት በሃያ አምስት በመቶ እንዲበልጥ ስለሚያዝዝ፣ 300 ፓውንድ ለሚሠራ ቦይለር የፈተናው ግፊት 375 ነው። በውኃ የሚፈተንበትም ምክንያት ውኃ የማይታመቅ በመሆኑ፣ ብረቱ ቢሰነጠቅ እንኳ እንደ እንፋሎት ስለማይፈነዳ ነው።

አሁን ስለ ለውጡ። ኩባንያው ከሰልን የተወበት ምክንያት ሦስት ቢሆንም ክብደታቸው እኩል አይደለም። ትንሹ የዋጋ ጉዳይ ነው። ከዚያ የሚከብደው በመስመሩ ዳር የነበሩት የከሰል መጫኛ ማማዎችና የአመድ መድፊያ ጉድጓዶች ከጠፉ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፉ ነው፤ ዘይት ግን የቦቴ መኪና በሚደርስበት ቦታ ሁሉ ይቀዳል። ዋናው ግን እሳት ነው። ከሰል የሚያነድ ሎኮሞቲቭ ዳገት ሲወጣ በጭስ ማውጫው የጋለ ፍንጣሪ ይረጫል፤ የምዕራብ አሜሪካ በጋም ደረቅ ነው። ቁጥር 3985 የተባለው የዚሁ ኩባንያ ሎኮሞቲቭ በ1981 ታድሶ መጀመሪያ በከሰል ይነዳ ከነበረ በኋላ በ1990 ወደ ዘይት መለወጡን ስናይ፣ ለ4014 የተደረገው ውሳኔ ድንገተኛ እንዳልነበረ እንረዳለን።

በሥራ ረገድ ለውጡ እንዲህ ነው። ፍርግርጉ፣ የአመድ መቀበያውና የከሰል መጋቢው ጠመዝማዛ ይወጣሉ። የምድጃው ወለል በብረት ተደፍኖ በእሳት ጡብ ይነጠፋል፤ ጡቡ የነበልባሉን ጉልበት ተቀብሎ ብረቱን ከመቃጠል ከማዳኑም በላይ ግሎ ሲቀላ ዘይቱ ሳይጠፋ እንዲነድ ያግዛል። በቴንደሩ የከሰል ቦታ የዘይት ታንክ ይገባል። 4014 የሚያነደው «ቁጥር 5» የተባለው ዘይት ከባድና ዝልግልግ ስለ ሆነ፣ በብርድ ጊዜ እንዲፈስ ታንኩ በእንፋሎት መሞቅ አለበት። በሎኮሞቲቭ በርነር ዘይቱ በጠፍጣፋ አፍ ላይ ሲፈስ ከሥሩ የሚወጣ የእንፋሎት ፉት እንደ ጉም ብናኝ አድርጎ ወደ ምድጃው ይነፋዋል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ችግር አለ፤ እሳቱን ለማስነሣት እንፋሎት ያስፈልጋል፣ እንፋሎት ለማግኘት ደግሞ እሳት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ሎኮሞቲቭ የመጀመሪያውን እስትንፋስ ከሌላ ቦይለር ወይም ከአየር መጭመቂያ ይበደራል።

የእሳት አንዳጁ ሥራም ተለወጠ። በአንድ እጁ የዘይቱን ቫልቭ፣ በሌላው የእንፋሎቱን ፉት ይዞ ዓይኑን ከጭስ ማውጫው አይነቅልም። ጭሱ ከጠቆረ ዘይቱ በዝቷል፤ ፈጽሞ ከጠራ ደግሞ አየሩ በዝቶ ሙቀቱ በከንቱ ይወጣል። ነጂው እንፋሎቱን ሲከፍት እርሱም በዚያው ቅጽበት ዘይቱን መጨመር አለበት፤ ነጂው ሲዘጋም እንዲሁ መቀነስ። የከሰል እሳት ታጋሽ ነው፤ በፍርግርጉ ላይ የተከማቸው ፍም ለጥቂት ደቂቃ ስሕተትን ይችላል። ዘይት ግን ፍም የለውም። ነበልባሉ ድንገት ቢጠፋ ቀዝቃዛ አየር በጋለው ምድጃ ውስጥ ይገባና የቱቦዎቹ ጫፎች ማፍሰስ ይጀምራሉ። ዘይት በቱቦዎቹ ውስጥ ጥላሸት ስለሚተው፣ አንዳጁ በየጊዜው አንድ ማንኪያ አካፋ አሸዋ በምድጃው በር ይሰጣል፤ የጭሱ ኃይልም አሸዋውን በቱቦዎቹ ውስጥ እያሮጠ ይጠርጋቸዋል። ያን ጊዜ ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ጥቁር ደመና የሚያየው ተመልካች ሎኮሞቲቩ ኃይሉን እያሳየ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ጥረጋ ነው።

ታዲያ 4005 ያልቻለውን 4014 እንዴት ቻለ? ለዚህ የምሰጠው መልስ የራሴ ግምት ነው። በ1946 ሎኮሞቲቩ የሚጠየቀው ከሦስት ሺህ ቶን በላይ ጎትቶ ዋሳችን እንዲወጣ፣ ማለትም ምድጃው በሙሉ አቅሙ ለሰዓታት እንዲነድ ነበር። ከ2019 ወዲህ የሚጎትተው ጥቂት የመንገደኛና የአገልግሎት ፉርጎዎችን ሲሆን ብዙውን ጊዜ አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭም ይከተለዋል። ከምድጃው የሚፈለገው እንፋሎት ከቀድሞው እጅግ ያነሰ ነው፤ እሳቱ ሲያንስ በአንዱና በሌላው ግድግዳ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነትም ያንሳል። እንግዲህ የ1948ቱ መሐንዲሶች ተሳስተው ነበር ማለት አይቻልም። ለተሰጣቸው ሥራ ከሰሉ ትክክል ነበር፤ ለዛሬው ሥራ ዘይቱ ትክክል ነው። የአንድ ንድፍ ብቃት ከሚጫንበት ሥራ ተለይቶ እንደማይመዘን ይህን ያህል የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

የታሪካዊነቱ ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም። ነዳጁ የተለወጠ ሎኮሞቲቭ ሐሰተኛ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ የባቡር ኦፊቺና ሎኮሞቲቭን እንደ ሐውልት አይቶት አያውቅም። ቱቦ፣ መንኮራኩር፣ ቴንደር ጭምር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲለዋወጥ ኖሯል። ደግሞም ለውጡ የሚመለስ መሆኑን 4005 በሁለት ዓመት ውስጥ አሳይቷል። ሆኖም ተቃዋሚዎቹ የያዙት አንድ እውነት አለ። ሰፊው ምድጃ፣ ከሥሩ ያሉት አራት መንኮራኩሮች፣ የኋላው ክብደት ሁሉ የተፈጠሩት ለዋዮሚንግ ከሰል ነው። ዛሬ ሎኮሞቲቩን የሚያይ ወጣት መሐንዲስ ለዘይት ነበልባል ይህን ያህል ወለል ለምን አስፈለገ ብሎ ቢጠይቅ ከፊቱ የቆመው ብረት አይመልስለትም። ከሰሉ የነደደበት ፍርግርግና ጠመዝማዛው መጋቢ የት እንደሚገጠሙ፣ እንዴትም እንደሚሠሩ ለማየት ወደ ዴንቨር፣ ወደ ቆመው 4005 መሄድ አለበት። ያኛው አይንቀሳቀስም፤ ግን ሁሉም ነገር በቦታው አለ።

4014 በ2019 ሜይ 9 ቀን በኦግደን ከ844 ጋር ፊት ለፊት ቆሞ አህጉር አቋራጩ መስመር የተገጣጠመበት 150ኛ ዓመት ተከበረ። በ2023 በነብራስካ ግዛት ብሌር ከተማ አጠገብ ዳገት ላይ የቆመ አንድ የጭነት ባቡርን ከኋላ ገፍቶ አስነሥቷል፤ ለአንድ ቀን ያህል ወደ ቀድሞ ሥራው ተመልሶ ነበር ማለት ነው። በደንቡ መሠረት የእሳት ቀናቱ ቀድመው ካልሞሉ በቀር አሥራ አምስት ዓመቱ የሚያልቀው በ2034 ነው። ያን ጊዜ ጡቡ ተነሥቶ፣ ቱቦዎቹ ወጥተው፣ የምድጃው ላሜራዎች ውፍረት እንደገና ይለካል፤ የዘይቱ ነበልባል በየትኛው ግድግዳ ላይ ምን ያህል እንደ በላም በቁጥር ይታወቃል።